እሑድ ከሲኒማ ራስ ባሻገር

የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪ ስለ ገጠሩ ሕዝብ ብዙ ይናገራል። በመኝታ ቤት፣ በምግብ አዳራሽና በክርክር ክበብ ስለ ገበሬው ያልተባለ ነገር የለም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወጥቶ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ የሚቻልበት ምን ቦታ እንዳለ ቢጠየቅ አብዛኛው ዝም ይላል፤ የሚመልስም ቢኖር ቢሾፍቱንና ሶደሬን ጠርቶ ያበቃል። ይህ ነገር እንደ ቀላል ሊታለፍ አይገባውም እንላለን።

ምክንያቱ ሲጠየቅ ሁልጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ሽርሽር የባለ መኪና ነው» ይባላል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ሰንበት ሲደርስ ተማሪው ከስድስት ኪሎ ታክሲ ይዞ መርካቶ ይወርዳል። ሲኒማ ራስ አጠገብ ጫማ ይከራከራል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይመለሳል። ከሲኒማ ራስ ወደ አውቶቡስ ተራ ያለው መንገድ ግን በእግር የሚደረስ ነው። ተማሪው አውቶቡስ ተራን የሚያውቀው ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ ሲሄድ ብቻ ነው፤ ለትምህርት የተከፈተ በር መሆኑን አላስተዋለውም። ዛሬ አገር አቋራጩ ሁሉ ከዚያ ባይነሣና እንደ አቅጣጫው በላም በረት፣ በቃሊቲ፣ በአየር ጤናና በአስኮ በኩል ቢከፋፈልም፣ ከመርካቶ ወደነዚህ ሁሉ የሚወስድ ታክሲ አይጠፋም።

ምሳሌ እንስጥ። መስቀል ሲቃረብ መርካቶ ጭር እንደሚል የማያውቅ የለም፤ የጉራጌ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ይሄዳል። ብዙው የሚያልፍበት የቡታጅራ መንገድ ከዓለም ገና ተገንጥሎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ አዋሽን ስንሻገር መልካ ቁንጥሬ ይገኛል። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1963 ለሊቃውንት ከታወቀ ወዲህ፣ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ያህል ወደ ኋላ የሚሄድ የሰው ልጅ የሥራ ታሪክ በተራ ተደራርቦ ተገኝቶበታል። ከባልጩት የተፈለጡ መሣሪያዎች በብዛት የወጡበት ሲሆን፣ 700,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የሕፃናት የእግር አሻራም ተገኝቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መልካ ቁንጥሬና ባልጪት በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ይህ ሁሉ ከመርካቶ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም።

ከዚያው መንገድ ወደ ምዕራብ ሲገነጠሉ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች። ላሊበላን ለማየት የአውሮፕላን ዋጋ የሚያስጨንቀው ተማሪ፣ ወደ ደቡብ ዘልቀው ከሚገኙት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዷ በደጁ እንዳለች አያውቅም። ወደ ፊት ሲቀጥሉ ደግሞ ጢያ ይደረሳል። 36 ሐውልቶች የቆሙበት ሲሆን፣ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው፤ በብዙዎቹ ላይ የሰይፍ ምስል ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ነው። የመስቀል መንገደኛ ግን በመስኮት አይቶት ያልፋል።

በምዕራቡ መንገድ ደግሞ፣ በአስኮና በቡራዩ በኩል አድርገን ሆለታን እናገኛለን። በ1927 ዓ.ም. የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ፋሺስት አገራችንን በወረረ ጊዜ ደብተራቸውን ጥለው ዘምተዋል፤ በ1928 ዓ.ም. በወለጋ የተቋቋመው የጥቁር አንበሳ ጦርም እነርሱን በአባልነት ይዞ ነበር። ተማሪ ሆኖ ይህን ቦታ ሳያስታውስ ማለፍ የሚያስመሰግን አይደለም። ጥቂት አለፍ ሲሉ አዲስ ዓለም ነው። አዲስ አበባ በማገዶ እጥረት በተጨነቀችበት ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ሥራ አስጀምረው ነበር። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ አደገና ሐሳቡ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሕንጻ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የጂኦግራፊ ተማሪ ከተማ በምን እንደሚኖርና በምን እንደሚሞት ከዚህ የተሻለ መማሪያ ያገኛል ብለን አናምንም።

በሰበታ በኩል የሚገኘውን የመናገሻ ሱባ ደንም መዘንጋት አይገባም። ዘሩ ከወፍ ዋሻ መጥቶ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ እንደ ተተከለ የሚነገርለት የጽድ ደን፣ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ የሚኖሩበት ነው። አምስት ብር የሚያስጨንቀው ደግሞ ከከተማው ሳይወጣ በየካ ኮረብታ ያለውን ውቅር ዋሻ ሚካኤልን በእግሩ ሄዶ ማየት ይችላል።

ሁለት ተቃውሞ ይነሣብን ይሆናል። የመጀመሪያው «አገር በችግር ላይ ሳለች ሽርሽር ቅንጦት ነው» የሚል ነው። እኛ የምንለው ተቃራኒውን ነው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልከው ነበር፤ ብዙ ወጣት አገሩን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። በ2006 ዓ.ም.ና በ2008 ዓ.ም. በከተማው ማስተር ፕላን ምክንያት የብዙ ተማሪ ደም ሲፈስ፣ ክርክሩ ስለ ቡራዩ፣ ስለ ሰበታና ስለ ሆለታ ገበሬ መሬት ነበር። ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ፤ የከተማውና የገበሬው ጉዳይ ግን አልተዘጋም። ስለዚህ ጉዳይ የሚከራከር ሰው ማሳውን በዓይኑ ማየት ይገባዋል። አንድ ዓመት ባይቻል፣ አንድ እሑድ ይቻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጸጥታው ነገር ነው፤ ይህ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ይመጡ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ መታገታቸውን ማን ይረሳል? ያን መንገድ የሚጋራውን ደብረ ሊባኖስን እዚህ ያልጠራነው በዚህ ምክንያት ነው። ከላይ ወደ ጠራናቸውም ቢሆን የአካባቢውን ሰውና ሾፌሩን ሳይጠይቁ፣ ብቻን ወይም ሲመሽ መሄድ አይገባም። ተማሪው ተፈርቶለት በግቢ ታጥሮ ይቅር የሚል ግን መፍትሔ አልሰጠም። ማኅበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን የሚከተሉትን እንዲፈጽም እናሳስባለን። አንደኛ፣ በየወሩ አንድ እሑድ አንድ አውቶቡስ ይከራይ፤ ዋጋውም እንደ ችሎታው ይከፈል፣ የሌለውም ከማኅበሩ ሣጥን ይደገፍ። ሁለተኛ፣ ክቡራን የታሪክ፣ የጂኦሎጂና የሥነ ሕይወት መምህራን በየተራ አብረውን ይውጡ፤ በሜዳ የሚሰጥ አንድ ሰዓት ትምህርት በክፍል ከሚሰጥ ሳምንት እንደሚበልጥ እነርሱ ያውቁታል። ሦስተኛ፣ የየአካባቢው ተወላጅ ተማሪ መሪ ይሁን፤ በኦሮምኛም ሆነ በጉራግኛ ሰላምታ አስተምሮን እንሂድ። አራተኛ፣ ምሳችንን ከመርካቶ ቋጥረን ከመሄድ ከመንደሩ ሰው ገዝተን እንብላ፤ ገበሬውም እንደ ሐውልት የሚታይ ነገር ሳይሆን የምንጠይቀው አባትና እናት መሆኑን አንርሳ።

ለመጀመሪያው ጉዞ መልካ ቁንጥሬንና አዳዲ ማርያምን እናቀርባለን። መነሻው ሁላችንም የምናውቀው ሲኒማ ራስ ይሁን፤ ሰዓቱም ከንጋቱ 12። የማኅበሩ ሹማምንት መልሳቸውን እስከሚቀጥለው እትም ድረስ በዚሁ ጋዜጣ ላይ እንዲያሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።