ኤሊዋን እንጀራ አታጉርሷት

አዲስ አበባ ውስጥ ኤሊ ያለበት ግቢ ማየት ብርቅ አይደለም። በር ላይ ውሻው፣ ጓሮ ዶሮዎቹ፣ አበባው ሥር ደግሞ ማን እንዳመጣት ማንም በትክክል የማያስታውሳት ኤሊ አለች። እስቲ ‹‹ምን ትበላለች?›› ብላችሁ ጠይቁ። ‹‹ኧረ እሷ የተገኘውን ነው!›› ይሏችኋል፣ ያውም በኩራት። እንጀራ ትበላለች፣ ዳቦ ትበላለች፣ ቲማቲም ካየችማ ትሮጣለች (ኤሊ መሮጥ ከተባለ)። ልጆቹ ፓስታ አቅምሰዋት እሱንም ወዳዋለች።

እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ኩራት ነው። እኛ አገር መውደድ ማለት ማጉረስ ነው። እንግዳን በጉርሻ እናስጨንቃለን፤ እንግዳው ግን ቢያንስ ‹‹በሞቴ፣ በቃኝ›› ይላል። ኤሊ አትልም። ውሻ ያልተስማማውን ያስመልሳል፣ ድመት የማትፈልገውን አሽትታ ትሄዳለች፤ ኤሊ ግን ጣፋጭና ለስላሳ ነገር ካገኘች እየበላች ትታመማለች፣ እየታመመች ዝም ትላለች። ‹‹ሦስት ዓመት እንጀራ በልታ ምን ሆነች?›› የሚል ሰው ሁሌም አለ። ወዳጄ፣ ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ መኖር ለምትችል ፍጥረት ሦስት ዓመት ምኗ ነው? ቅርፊቷ ሲላላ፣ ጀርባዋ እንደ ጉልቻ ሲጎባብጥ፣ የኋላ እግሮቿን መጎተት ስትጀምር ነው የምናየው። ያን ጊዜ ደግሞ ጀርባዋ የያዘውን ቅርጽ መልሶ የሚያቀና ሐኪም የለም።

ነገሩ ከሆዷ ይጀምራል። ግቢያችን ውስጥ የምናያት አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ቢጫ ዝንጉርጉሯ፣ ፈረንጆቹ ‹‹ሌፐርድ ቶርቶይዝ›› የሚሏት ናት። አገሯ ስምጥ ሸለቆና ቆላው ነው። እዚያ የምትበላው ሣር፣ ቅጠላ ቅጠልና እሾሃማ ተክል፣ አልፎ አልፎም የወደቀ ፍሬ ነው፤ ካልሲየም ሲያምራት አሮጌ አጥንት፣ ይባስ ብላም የጅብ ኩስ ትቆረጥማለች። አንጀቷ እንደ ፈረስ አንጀት ነው፤ ሣሩን ከኋላ በኩል በባክቴሪያ እያብላላ ቀስ ብሎ ይፈጨዋል። እዚህ ውስጥ ስኳርና ስታርች ሲገባ ባክቴሪያዎቹ ይዘባረቃሉ፣ ሆዷ በጋዝ ይነፋል፣ ተቅማጥ ይመጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ ካልሲየም ነው። ቤቷን ተሸክማ የምትዞር እንስሳ ናትና ያ ቤት የሚሠራው በካልሲየም ነው። ምግቧ ውስጥ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ መብለጥ አለበት፤ ከተቻለ ሁለት ለአንድ። ፎስፈረሱ ከበለጠ ሰውነቷ የጎደለውን ከራሷ አጥንት እየነቀለ ያሟላል። ‹‹ጤፍ እኮ ካልሲየም አለው!›› የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አለው፣ ከሌላው እህል ሲወዳደር ደህና ነው። ግን ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ከእጥፍ በላይ ነው። ለሰው የሚያኮራው ጤፍ ለኤሊ ሒሳቡ የተገለበጠ ነው። ቲማቲምም እንዲሁ፤ ሙዝ ደግሞ ይብሳል፣ አራት እጥፍ ግድም።

ከአትክልት ተራ የሚመጣውስ? ሰላጣ ውኃ ነው፤ አይጎዳትም፣ አይጠቅማትምም፣ ሆዷን ሞልቶ ሌላ እንዳትበላ ያደርጋል። ቆስጣ አረንጓዴ ስለሆነ ብዙዎች ያምኑታል፤ ውስጡ ያለው ኦክሳሌት ግን ካልሲየሙን አስሮ ይዞባት ይወጣል። የሐበሻ ጎመን ከሁሉም ይሻላል፣ ካልሲየሙ ጥሩ ነው። በየቀኑ ከሆነ ግን እሱም እንቅርት የሚያመጣ ጠባይ አለው፤ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ይበቃል። አቮካዶና ሽንኩርት ጨርሶ አይሞከሩም። ሥጋ፣ እንቁላልና የውሻ ምግብም ኩላሊቷን ያጠፋሉ።

እዚህ ላይ ግን ሚዛናዊ ልሁን። የጀርባ መጎባበጥ ሁሉ የምግብ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ቪየና ላይ የታተመ… ይቅርታ፣ ቪየና የተሠራ ጥናት ነበር። የተጠናችው የእኛንም ቆላ የምትጋራው፣ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ያለችው ትልቋ ኤሊ፣ ‹‹ሰልካታ›› ናት። ጫጩቶቹን በተለያየ የፕሮቲን መጠንና በተለያየ የአየር እርጥበት አሳደጓቸው፤ ጀርባቸውን ይበልጥ ያጎባበጠው ፕሮቲኑ ሳይሆን የአየሩ ድርቀት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ሁሌም ውኃ ይኑራት። ትንሽ ከሆነች በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ከአገጯ በታች በሚደርስ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀምጧት፤ እዚያው ትጠጣለች፣ እዚያው ትሸናለች፣ የፊኛ ጠጠርም ይቀንስላታል።

እንግዲህ ዕቅዱ። ከምትበላው ሦስት አራተኛው ሣር ይሁን። የተቀረው ሜዳ ላይ በነፃ የሚበቅለው ነው፦ ጎርጠብ፣ ትንሽ ማገጥ፣ መድኃኒት ያልተረጨ የጽጌረዳ ቅጠልና አበባ። የመኪና ጭስ ሲጠጣ የዋለ የመንገድ ዳር ሣር አይቆጠርም። በለስ፣ ቅጠሉም ፍሬውም፣ እሾሁ ተልጦ ትልቅ ድግስ ነው። ግን አደራ! ‹‹ቁልቋል ይስማማታል›› ሲባል ሰምታችሁ ያገኛችሁትን ቁልቋል እንዳትቆርጡላት። ዛፍ የሚያህለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ቁልቋል ከበለስ ጋር ዘመድ አይደለም፤ ወተቱ አፍና ዓይን ያቃጥላል። አጥር ላይ የሚያምረው የወፍ ቆሎም መርዝ ነው። ለካልሲየም ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ ዱቄት እስኪሆን ተወቅጦ ቅጠሉ ላይ ብን ይደረግበታል። ለምታድግ ኤሊ በሳምንት ሦስት አራቴ፣ ለጎለመሰች አንዴ ሁለቴ።

ችግሩ ወቅቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግቢው ሁሉ ሣር ነው፣ ፀሐይ ግን የለም። በጋ ፀሐዩ ሞልቶ ሣሩ ያርራል። የበጋው መላ ቀላል ነው፤ በመስከረምና በጥቅምት ሣር አጭዶ ማድረቅ ነው። (ድርቆሽ ስል የበሬውን ድርቆሽ ነው፣ ለፍርፍር የሚቀመጠውን የእንጀራ ድርቆሽ አላልኩም! ይኼን ካላብራራሁ የሚሆነውን አውቃለሁ።) ደረቁን እምቢ ካለች አድቅቆ ውኃ ነክቶ ከእርጥቡ ጋር ማደባለቅ ነው።

የክረምቱ ይከብዳል። ኤሊ ሙቀት ከውጭ ካላገኘች ምግብ አይፈጭላትም፤ ቀዝቅዛ የበላችው ሆዷ ውስጥ ይበሰብሳል። ይቺ ኤሊ እንደ አውሮፓ ኤሊዎች ክረምቱን ተኝታ የምታሳልፍ አይደለችም፤ ‹‹ተኝታ ነው›› እየተባለች በብርድ የምታልቀው በዚህ ስህተት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ከተማ ውስጥ የቆላ እንስሳ ይዘን ‹‹የተፈጥሮ ነገር ነው›› ማለት አንችልም። ማታ ደረቅና ሙቀት ያለው ማደሪያ፣ ደመና በሆነ ቀን የሚያሞቅ አምፖል ያስፈልጋታል። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ውጭ፤ የፀሐይ ብርሃን በመስኮት መስታወት ሲያልፍ ቫይታሚን ዲ የሚያሠራው ጨረር እዚያው ይቀራል። ፀሐይ የማታገኝ ኤሊ የእንቁላል ቅርፊቱን ኩንታል ብትበላ አጥንቷ አይጠቀምበትም።

በዚህ ስሌት አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኤሊ ማሳደግ አይሆንም ባይ ነኝ። ከላንጋኖ መልስ መንገድ ስታቋርጥ ያገኛችኋትን ኤሊ መኪና ውስጥ ማስገባትም ‹‹ማዳን›› አይደለም፤ ወደምትሄድበት አቅጣጫ አሻግሯትና መንገዳችሁን ቀጥሉ። ኤሊ የዱር እንስሳ ናት። በ1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ወጥቶ ነበር፣ ድንበር ተሻጋሪ ንግዷም በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ቤት የከረመችውን ደግሞ ሜዳ ወስዶ መጣል ለእሷም ለዱር ዘመዶቿም በሽታ ሊሆን ይችላል። አልቻልኩም የሚል ሰው ቢያንስ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ይጠይቅ።

ግቢ ያላችሁ ግን፣ አንድ ነገር ብቻ። ዘንድሮ ሁሉም ግቢውን ሴራሚክ እያነጠፈ ነው፣ ያልተነጠፈችውን ጥግ ደግሞ በዓል በመጣ ቁጥር አትክልተኛው ‹‹አረም ነው›› ብሎ ልጭት ያደርጋታል። እዚያች ጥግ ላይ ያለው ሰርዶና ጎርጠብ የኤሊያችሁ ቁርስ፣ ምሳና እራት ነው። ለእንቁጣጣሽ ማጭዱን ይዞ ሳይመጣ ቀድማችሁ ንገሩት።