"እንደ ልጃችን ናት"

ሂርና ውስጥ ከአማኝ ቤት ወደ አማኝ ቤት ስትዘዋወሩ ይህን ዐረፍተ ነገር ሳትሰሙ አትውሉም። ሻይ ያቀረበችላችሁን ልጅ "ማን ናት?" ብላችሁ ጠይቁ። "ከገጠር ያመጣናት ናት፤ ግን እንደ ልጃችን ናት" ይሏችኋል። እኛም ቤት እንዲሁ ነበር የምንለው። በዚህ ጽሑፍ የምጣላው "እንደ" ከምትባለው ከዚያች ቃል ጋር ነው። ከሰው ጋር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ከራሴ ጋር ነው።

ባለፈው ዓመት የታዳጊዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቅዳሜ ከሰዓት በእኛ ቤት ይካሄድ ነበር። የአንዱ ቅዳሜ ትምህርት በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ያለችው የንዕማን ቤት ብላቴና ነበረች። በደንብ ተዘጋጅቼበት ነበር። ታናሽ ብትሆንም ስለ ነቢዩ እንዴት በድፍረት እንደ መሰከረች፣ በባዕድ ቤት ሆና እንዴት ታማኝ እንደ ነበረች አስተማርኩ። በመሃል በእኛ ቤት የምትሠራው ልጅ የሻይ ትሪ ይዛ ገባች፤ አሥራ ሁለት ብርጭቆ። ለሁሉም አቅርባ ወጣች። ከልጆቹ አንዱ፣ የ11 ዓመት ልጅ፣ እጁን አወጣ። ስለ ንዕማን ለምጽ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። "ጋሼ፣ እሷስ ለምን አብራን አትማርም?" አለኝ።

"ሥራ ስላላት ነው" አልኩት። ትምህርቱን ቀጠልኩ፣ የቃል ጥናት ጥቅስ አስያዝኩና በጸሎት ዘጋሁ።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማድ ቤት ሄድኩ፤ ሊጥ እያቦካች ነበር። ዕድሜዋን ጠየቅኳት፤ 13። ትምህርት የት እንደ ደረሰች ጠየቅኳት፤ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሳ እንደ መጣች ነገረችኝ። ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ስናመጣት "እናስተምራታለን" ብለን ነው፤ ቃሉ ለአባቷ ሲነገር እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ከዚያ ስሟን ጠየቅኳት፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እኛ የምንጠራት እናቴ ባወጣችላት ስም ነበር፤ የራሷ ለአፍ አይመችም ተብሎ። ገበያ ወጥተን ቀኑን ሙሉ በኦሮምኛ የምንገበያይ ሰዎች የአንዲት ልጅ የኦሮምኛ ስም ከበደን! ስትነግረኝ አንድ ጊዜ ሰምቼ ያዝኩት።

የንዕማን ብላቴናም ስሟ አልተጻፈም። መጽሐፉ ግን ወደዚያ ቤት እንዴት እንደ ገባች አልደበቀም፤ የሶርያ ወራሪዎች ከአገሯ ማርከው ወሰዷት ይላል። ስንሰብክ ይህን አንድ ቁጥር በፍጥነት አልፈን ወደ ምስክርነቷ እንሮጣለን። ንዕማን ከለምጹ ነጽቶ፣ ሁለት በቅሎ የሚጭነው አፈር ለምኖ ወደ አገሩ ተመለሰ። እሷ ወደ እናቷ ተመለሰች ወይስ አልተመለሰችም? ምዕራፉ አይናገርም፤ እኛም ከመድረክ ጠይቀን አናውቅም። ለምን እንደማንጠይቅ ይገባኛል። ማድ ቤት ሆና ለምትሰማ ልጅ ስብከታችን "ባለሽበት በታማኝነት አገልግዪ" የሚል ይሆንላታል። ለእኛ እንዴት ያለ የሚመች ስብከት ነው!

ይህን ነገር ለወዳጆቼ ሳነሣ ሁለት መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አንዱ "ገጠር ከምትቀር ይሻላታል" የሚለው ነው። እውነት የለበትም አልልም። በቱሎ ተራሮች ላይ ያለ ገበሬ መሬቱ ጠባብ ነው፤ ዝናብ ሲቀር ማሽላውም ይቀራል። አባት ልጁን አሳልፎ የሚሰጠው ስለማይወዳት አይደለም። ግን "ይሻላታል" ስንል ከምን ጋር እያነጻጸርን ነው? ከረኀብ ጋር። የራሳችንን ልጅ አኗኗር ከረኀብ ጋር አነጻጽረን "በቂ ነው" ያልንበት ቀን አለ?

ሁለተኛው መልስ "እኛም በልጅነታችን ሠርተን ነው ያደግነው" የሚል ነው። አዎ፣ ውኃ ቀድተናል፣ እንጨት ለቅመናል። ጀሪካኑን አስቀምጠን ግን ደብተራችንን ይዘን ወጥተናል። እሷ ጀሪካኑን ስታስቀምጥ የሚጠብቃት ምጣድ ነው። በእኛ ቤት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ቦኖ ትሰለፍ ነበር፤ የምትተኛው ማታ 4 ሰዓት ዕቃ አጥባ ስትጨርስ ነው። የምታጥበው እኛ ከማታ የጸሎት ፕሮግራም መጥተን የበላንበትን ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1983 ተቀብላለች። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁ፣ ትምህርታቸውንና ጤናቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ 15 ሞልቶት 18 ያልሞላውንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይፈቅድም። ይኸው አዋጅ ግን ትርፍ ለማያስገኝ የግል አገልግሎት የሚደረግን ቅጥር ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል። ይህ ማለት የቤት ሠራተኛ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ብትገኝ ጠያቂ ተቆጣጣሪ አላት። ማድ ቤታችን ድረስ የሚመጣ ተቆጣጣሪ የለም።

እኔ የማውቀው፣ በየሳምንቱ ከቤት ቤት እየዞረ እስከ ጓዳ ድረስ የሚገባ አካል አንድ ብቻ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን የጉብኝት ቡድን። የታመመ ይጠይቃል፣ ያዘነ ያጽናናል፣ ሻይ ጠጥቶ ጸልዮ ይወጣል። ሻዩን ያፈላችውን ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደ ሆነች ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። እኔም በቡድኑ ውስጥ አገልግያለሁ፤ ስለማላውቀው ነገር አይደለም የማወራው።

ነሐሴ 2016ን ታስታውሳላችሁ። በባሕር ዳር ተደፍራ ስለ ተገደለችው የ7 ዓመት ልጅ አገር ሁሉ ሰማ። ወንጀለኛው የተፈረደበት 25 ዓመት እስራት መሆኑ ሲታወቅ ቁጣው ባሰ፤ ፍትሕ በሚጠይቀው ፊርማ ላይ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አኖረ። ያን ሰሞን ከመዘምራኖቻችን ፎቶዋን ያልለጠፈ አልነበረም። እኔም ለጥፌአለሁ። መልካም አደረግን፤ እናቲቱ ዝም ብትል፣ እኛም ዝም ብንል ማን ይሰማ ነበር? ነገር ግን ባሕር ዳር ከሂርና ሩቅ ነው። ለሩቅ ልጅ መጮህ ከእናት ጋር አያጣላም፤ በራስ ጓዳ ማን እንደሚተኛ፣ በሩ ከውስጥ ይዘጋ እንደሆነ አያስጠይቅም። እኔ ፎቶውን በለጠፍኩበት ምሽት በእኛ ቤት የነበረችው ልጅ መቀርቀሪያ በሌለው ማድ ቤት ወለል ላይ ነው የተኛችው።

ይህን መጻፍ ደስ አይልም፤ መጻፍ ግን አለበት። ከወላጆቿ ርቃ፣ ስልክ ሳይኖራት፣ ማን ጋ እንደምትናገር ሳታውቅ በሰው ቤት የምትኖር ልጅ ላይ ክፉ ነገር ቢደርስ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አባቷ ከገጠር ይጠራል። ሽማግሌ ይቀመጣል። ጥቂት ብርና ልብስ ይሰጣል። ልጅቷ ትመለሳለች። "የጌታ ስም እንዳይሰደብ" ተብሎ ይዘጋል። ሁለተኛ ሳሙኤል 13ን አንብቡ። አቤሴሎም ለተደፈረችው ለትዕማር የሰጣት ምክር ዝም እንድትል ነው፤ ደፋሪው ወንድሟ ነውና። ንጉሥ ዳዊት እጅግ ተቈጣ፤ ከቍጣው በኋላ ግን ያደረገው ነገር አልተጻፈም። የተቈጣ አባት፣ ዝም ያሰኘ ወንድም፣ በወንድሟ ቤት ብቻዋን የቀረች ልጅ። ስለ ይቅርታ የምንሰብክ ሰዎች በልጅ ስም ይቅር የማለት ሥልጣን ከየት አገኘን? በአገሪቱ የወንጀል ሕግ ልጅን መድፈር በሽምግልና የሚቋጭ ጠብ አይደለም፤ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው ልጅቷን በዚያው ቀን፣ ገላዋንና ልብሷን ሳታጥብ፣ ወደ ጤና ተቋምና ወደ ፖሊስ ያድርሳት። ሽማግሌዎች ማወቅ ካለባቸው ከዚያ በኋላ ይወቁ።

የሰው ልጅ ቤት ማስገባት ኃጢአት ነው አላልኩም። መርዶክዮስ ወላጆቿ የሞቱባትን አስቴርን ወስዶ እንደ ልጁ አሳድጓል፤ በየቀኑም ደኅንነቷን ለማወቅ በሴቶች ቤት አደባባይ ፊት ይመላለስ ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ በ2013 ያረፉትን ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን ተመልከቱ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ሲሳለሙ በረኀብ ከተጎዱት መካከል ሁለት ሕፃናት አንሥተው ወደ አዲስ አበባ ይዘው መጡ፤ ልጆቹ ሲበዙ ትዳራቸውና ቤታቸው ቀረባቸው። እሳቸው ለልጆቹ ሲሉ ቤታቸውን አጡ፤ እኛ ቤታችን እንዲደምቅ ልጅ እናመጣለን። ሁለቱም "ልጅ ማሳደግ" ይባላል።

በእኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ለእናቴ ስነግራት ሦስት ቀን አኮረፈችኝ፤ "ሰባኪ ሆነህ መጣህብኝ" አለችኝ። በአራተኛው ቀን ልጅቷን ራሷ ይዛት ሄዳ ለአራተኛ ክፍል አስመዘገበቻት፤ የከሰዓት ፈረቃ። የጠዋቱን ውኃ እኔና ወንድሜ እንቀዳለን። ቦኖ ላይ የተሰለፉት ሴቶች መጀመሪያ ሰሞን ሳቁብን። ማድ ቤቱ መቀርቀሪያ ተገጥሞለት ነበር፤ አሁን ግን ከእኅቴ ጋር ነው የምትተኛው። ከክፍሏ በዕድሜ ትልቋ እሷ ስለሆነች ታፍራለች፤ ይህን ሁለት ዓመት የሰረቅናት እኛ ነን፤ የምንመልስበት መንገድ የለንም።

ከዚያ በኋላ የወጣቶች ኅብረታችን ለሽማግሌዎች ደብዳቤ ጻፈ። የጉብኝት ቡድኑ በየቤቱ ያለችውን ልጅ ዕድሜ፣ ክፍልና ወላጆቿን መጨረሻ ያየችበትን ጊዜ እንዲጠይቅ፣ ልጆቹም ያለ አሠሪዎቻቸው የሚያነጋግሯት አንዲት እኅት እንድትመደብ ለመንን። ከገለምሶ፣ ከባዴሳና ከጭሮ የምታነቡ ወጣቶችም ተመሳሳይ ደብዳቤ ብትጽፉ ደስ ይለናል። የእኛን ቅጂ ለሚፈልግ እንሰጣለን።

የተሰጠን መልስ "በጸሎት እንያዘው" የሚል ነው። እኔ በጸሎት አምናለሁ፤ ለደብዳቤውም ጾመን ነበር። ነገር ግን የጣሪያ ቆርቆሮ ሲያፈስ "በጸሎት እንያዘው" ተብሎ አያውቅም፤ በዚያው እሑድ መዋጮ ተሰብስቧል። ደብዳቤውን ያስገባነው በሚያዝያ ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባ በነሐሴ መጨረሻ ይከፈታል።