ስለ ማር እንጀራ መደገፊያ

ንብ ለማርባት ዋናው መሣሪያ ምንድን ነው ቢሉ፤ ብዙ ሰው ቀፎ ነው ብሎ ይመልሳል። ቀፎ ግን ቤት ብቻ ነው። ንብ እጯን የምታሳድገው፤ ማሯንም የምታከማቸው በእንጀራው ላይ ነውና፤ እንጀራው ያለ ደጋፊ ከተተወ የቀፎው ማማር እምብዛም አይጠቅምም። ስለዚህ በየወረዳው የእርሻን ሥራ የሚመለከቱ ሹማምንት፤ ለሕዝብ የታደለውን የሣጥን ቀፎ ከመቊጠር ይልቅ የውስጡን አሠራር ቢመረምሩ ይሻላል።

የኢትዮጵያ ባላገር ከጥንት ጀምሮ ድቡልቡል ቀፎ እየሠራ ንብ ያረባል። በዚህ ቀፎ እንጀራው ከጣራው ጋራ ስለሚጣበቅ፤ ማሩ የሚገኘው እንጀራው ሲቈረጥ ነው። በ1851 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ላንግስትሮዝ የተባለው አሜሪካዊ ቄስ፤ ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ክፍተት ለመተላለፊያ እንደሚተዉት አስተዋለ። ከዚህ የጠበበውን በሙጫ ይደፍኑታል፤ የሰፋውንም በእንጀራ ይሞሉታል። የሚነቀለው ፍሬም የተመሠረተው በዚህ ልክ ነው። በ1857 ደግሞ ሜህሪንግ የተባለው ጀርመናዊ ሰም የሚታተምበትን መሣሪያ ስለ ሠራ፤ ንቦች በፍሬሙ ውስጥ ቀጥ ብለው የሚሠሩበት መሠረት ተገኘ።

እንግዲህ ሣጥኑ ያለ ታተመ ሰም ቢሰጥ፤ ንቦቹ እንደ ወደዱ አግድም ይሠሩና ፍሬሞቹን እርስ በርስ ያያይዟቸዋል። ያን ጊዜ የሚነቀለው ፍሬም የማይነቀል ይሆናል። ሰሙም ቢኖር ሽቦ ካልተወጠረለት፤ ማሩ ሲከብድና ፀሐይ ሲበረታ ይለመጥና ይወድቃል። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ሰምማ ከሁሉ ይከፋል። ደግሞም ንብ እንጀራዋን ቊልቊል አንጠልጥላ ስለምትሠራ፤ ቀፎው ወደ ጐን ካዘነበለ እንጀራው ከፍሬሙ ይወጣል። ስለዚህ ሽቦውን ማጥበቅ፤ ሰሙን በሽቦው ላይ በሙቀት ማጣበቅ፤ ቀፎውንም በውኃ ልክ ማስተካከል ይገባል። አዲስ እንጀራ ለስላሳ ነውና ሲመረመር እንደ ቆመ ይያዝ እንጂ አይጋደም።

ይህ ነገር በአዲስ አበባ ምሥራቅ፤ በቦሌና በለሚ ኩራ በኩል እጅግ ያስፈልጋል። ቀድሞ እርሻ የነበረው ብዙ መሬት በቤት ተይዟል። ማሳ ለጠበበበት ሰው ንብ መልካም ሀብት ናት፤ ስለ ምን ቢሉ፤ ቀሰሟን ከሌላው አትክልትና ከባሕር ዛፉ ታመጣለችና። ነገር ግን ጐረቤት ቅርብ በሆነበት ስፍራ እንጀራ ቢሰበር ማሩ ይፈሳል፤ የሌላ ቀፎ ንቦች ለዘረፋ ይመጣሉ፤ ጠብም ይነሣል፤ ሰውና ከብትም ይነደፋል። በዚህ ምክንያት ንብ አርቢው ከሰፈሩ ቢጣላ፤ የሚጠፋው ማሩ ብቻ ሳይሆን ኑሮው ነው። የተደገፈ እንጀራ ግን ሳይሰበር ወጥቶ ሳይሰበር ይመለሳል።

ወጪው ይበዛል የሚል ቢኖር እውነት አለው። ሽቦና ሰም ገንዘብ ይፈልጋሉ። ሆኖም ንቦች 1 ኪሎ ሰም ለመሥራት ብዙ ኪሎ ማር ይበላሉ ተብሎ ይገመታልና፤ የተዘጋጀው ሰም የንቡን ድካም ይቀንሳል። ይህን መግዛት ለማይችል ደግሞ የዘንግ ቀፎ አለ። ለዚህ የሚበቃው ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር የሚያህል ዘንግና ከሥሩ በቀጭኑ የተቀባ ሰም ነው። በመልካም የተሠራ ዘንግ፤ ያለ ሰም ከተሰጠ ፍሬም ይበልጣል።

በሆለታ ያለው የንብ ምርምር ማዕከል በዚህ ሥራ ዕውቀት አለው፤ የወረዳ ሹማምንትም ምክሩን ቢጠይቁ መልካም ነው። ከእንግዲህ ወዲያ በሚላከው መግለጫ፤ ስንት ቀፎ ታደለ ከሚለው አጠገብ፤ ስንቱ ፍሬም ሽቦና ሰም አለው፤ ስንቱስ ሳይሰበር ይነቀላል የሚለው ይጻፍ። ባዶ ሣጥን ተቈጥሮ ቢበዛ ለመዝገብ ጌጥ ነው፤ ለባላገሩ ግን ማር አይሆንለትም።