ኮረንቲ ብቻውን ጉልበት አይሆንም

ተጫዋች የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ ሲባል የደጋፊ ጥያቄ አንድ ነው፤ «መቼ ይመለሳል?» የአርሰናሉ ሮበርት ፒሬስ እ.ኤ.አ. በ2002 በዚሁ ጉዳት የዓለም ዋንጫ አምልጦታል። የሊቨርፑሉ ቨርጂል ቫን ዳይክም በ2020 ከኤቨርተን ጋር ሲጫወት ተጎድቶ የቀረውን የውድድር ዘመን ከሜዳ ውጪ ነው የጨረሰው። ቀዶ ጥገናው የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለማ!

ለምን ቢባል፣ ጉልበት ሲጎዳና ሲያብጥ ለፊተኛው የታፋ ጡንቻ የሚደርሰው የነርቭ ትእዛዝ ይዳከማል። ተጫዋቹ «አጥብቀው» ሲባል ይታገላል፣ ጡንቻው ግን እሺ አይልም። እንዲህ እያለ ታፋው በሳምንታት ውስጥ ይከሳል።

የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ማሽን የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ፓዶች የሚያልፈው ኮረንቲ ነርቩን ቀስቅሶ ጡንቻውን ያኮማትረዋል። ከተለመዱት አሠራሮች አንዱ 10 ሰከንድ ማኮማተር፣ 50 ሰከንድ ማሳረፍ፣ ይህንኑም 10 ጊዜ መደጋገም ነው። ኮርኮር አድርጎ የሚተው ከሆነ ብዙም ዋጋ የለውም፤ ጡንቻው ጠንከር ብሎ መኮማተር አለበት።

ከቀዶ ጥገና በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ከእንቅስቃሴ ጋር ተዳብሎ ሲሰጥ የታፋን አቅም ለመመለስ እንደሚያግዝ ጥናቶች አሳይተዋል። «ተዳብሎ» የምትለዋ ቃል ትሰመርባት! የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2002 «ያለ ስፖርት ቦርጭ ያጠፋሉ» እየተባሉ የሚቸበቸቡ የኤሌክትሪክ ቀበቶዎችን ሻጮች የከሰሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

ክለቦቻችን ማሽኑን ቢገዙ ደግ ነው። ነገር ግን ወጌሻው ሥልጠና ካላገኘ፣ ሥራውን የሚመራ ፊዚዮቴራፒስት ከሌለ ዕቃው የክፍል ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ባለሙያዎች ተጫዋች ከ9 ወር በፊት ወደ ውድድር ባይመለስ ይመርጣሉ፤ የተጎዳው እግር አቅምም ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ እንዲደርስ ይፈልጋሉ። ታዲያ ይሄን የሚለካ ሰው ሳይኖር «ድኗል» የሚለው ማነው? አሰልጣኙ ወይስ የደርቢው ቀን?

ደጋፊም ከመቀመጫው ተነስቶ «አስገባው!» ብሎ ከመጮኹ በፊት ይሄን ያስብ። የዛሬው ጨዋታ ቢያመልጥ በሳምንቱ ሌላ አለ። ለ20 ዓመት ልጅ ግን ጉልበቱ እንጀራው ነው።