ስምንት ሰከንድና ግማሽ ሜዳ

የኮሌጅ ሴቶች ቡድን በቅርጫት ኳስ ሲሸነፍ፣ ከዳር ቆሞ የሚመለከተው ሁሉ «ልጆቹ ፈሩ» ብሎ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ችኩል ነው። ተጋጣሚው ገና ኳሱ ከቅርጫቱ ሥር ሳይነሣ በሜዳው ሙሉ ይዘረጋና፣ ኳስ የያዘችውን ልጅ ሁለት ሆኖ ጥግ ላይ ያጣብቃታል፤ ስፖርተኞች «ፉል ኮርት ፕሬስ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ሕጉ ኳሱን ወደ ሜዳ ለማስገባት 5 ሰከንድ፣ ግማሽ ሜዳውን ለማሻገር 8 ሰከንድ ብቻ ስለሚፈቅድ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ይፈጸማል።

የዚህ ወጥመድ መድኃኒት ግን ሒሳብ ነው። ከአምስቱ ተከላካዮች ሁለቱ አንዲቷን ከከበቡ፣ የቀሩት ሦስቱ አራት ልጆች ሊጠብቁ ነው፤ አንዲት ልጅ ያለ ጠባቂ መቆሟ አይቀርም። ስለዚህ «ፈጣኗ ብቻዋን እያነጠረች ታሻግር» የሚለውን አሳብ አንቀበለውም፤ የቱንም ያህል ሯጭ ብትሆን ኳስ ከእግር ይፈጥናል። ይልቅስ አንዷ ከጎኗ፣ አንዷ ከኋላዋ፣ አንዷ ከመካከል፣ አንዷም ወደ ፊት ርቃ ትቁም። ከሁሉ የምትበልጠው የመካከሏ ናት፤ ኳሱ እርስዋ እጅ ከገባ ወጥመዱ ተበጠሰ። ወደ ጥግ መሸሽ ክልክል ይሁን፤ እዚያ መሥመሩ ራሱ መንገድ ይዘጋባታል። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሣ፣ ወደ ላይ የተወረወረን ኳስ ነፋሱ ለተቃራኒ ያቀብለዋል፤ ቅብብሉ አጭርና ጠንካራ ይሁን። ግማሹን ከተሻገሩ በኋላም ቆሞ መተንፈስ አይገባም፤ ተከላካዮቹ ከኋላ ቀርተዋልና በቀጥታ ወደ ቅርጫቱ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ የተቀጣ ቡድን በገዛ ፈቃዱ ወደ ኋላ ይመለሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ሁሉ የሚለመደው በ28 ሜትር ሜዳ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ወንዶቹ በአንዱ ቅርጫት ሲጫወቱ፣ ሴቶቹ በሌላው ሥር «ተለማመዱ» የሚባሉበት ልማድ በየግቢው አለ። በግማሽ ሜዳ ያደገች ተጫዋች የሙሉ ሜዳውን ወጥመድ የት አይታው ታውቃለች?

ነገሩ ሥር ያለው ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1892 ሴንዳ በረንሰን ጨዋታውን በአሜሪካ ስሚዝ ኮሌጅ ለሴቶች ካስጀመረች በኋላ ሜዳውን ለሦስት ከፍላ፣ ማንኛዋም ከክፍሏ እንዳትወጣ ደነገገች፤ ለሴት ብዙ መሮጥ አይገባትም የሚባልበት ዘመን ነበርና። በዚያው አገር የኮሌጅ ሴቶች አምስት ለአምስት ሆነው ሜዳውን በሙሉ እንዲጫወቱ የተደነገገው በ1971 ነው። እነሆ ሕጉ ሜዳውን አንድ አደረገ፤ እኛ ግን በልምምድ ጊዜ መልሰን እንከፍለዋለን።

እንግዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ሜዳው በሙሉ ለእኅቶቻችን ይለቀቅ። ወንዶቹም ትተው ከመሄድ ይልቅ ተከላካይ ሆነው ይቁሙላቸው፤ ያውም አምስት ሳይሆን ሰባት ሆነው። ሰባቱን ማለፍ የለመደች አምስቱን አትፈራም። እስከዚያው ድረስ ግን «ፈሩ» የሚል ተመልካች፣ አስቀድሞ የሜዳውን ፕሮግራም ያንብብ።