ለኮንሰርቱ ብቻ አትምጡ

ጁላይ ሲቃረብ በማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ "ዘንድሮ ማን ነው የሚዘፍነው?" ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት የጠየቀ ሰው እስካሁን አላየሁም። አልፈርድም፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ የሚያዘጋጀው ውድድር ለእኔ አዲስ ቀሚስ፣ ሆቴልና የአጎት ልጆች ማለት ነበር። ኳሱ የአባቶች ጉዳይ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ዛሬ ግን ልከራከርላችሁ የመጣሁት ለኳሱ ነው፤ በተለይ ለቅዳሜው የፍጻሜ ጨዋታ።

ምክንያቴ ከቤታችን ይጀምራል።

አባቴ ኮሎምበስ ከመጣ ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ከሐበሻ ልጆች ጋር ኳስ ይጫወት ነበር። እሱ ተከላካይ፣ የቅርብ ጓደኛው በረኛ። የጓደኛውን ስም አልጽፍም፤ እኔ "ጋሼ" እያልኩ ነው ያደግሁት። አባቴ የቡና ደጋፊ ነው፣ ጋሼ ደግሞ የጊዮርጊስ፤ ጠባቸው ሁሉ በዚህ ያልቅ ነበር። በ2013 ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስታልፍ፣ ከዛምቢያ ጋር ያደረገችውን የመጀመሪያ ጨዋታ ፒከሪንግተን ቤታችን ቤዝመንት ውስጥ ተሰብስበን አየን። ጃንዋሪ 21 የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ስለነበር ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ሲወጣ ጋሼ ራሳቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አዳነ ግርማ የአቻነቷን ጎል ሲያገባ አባቴ እኔን ትቶ እሳቸውን አቀፈ።

ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ጋሼ ቤታችን መምጣት አቆሙ። ጦርነቱ ተጀምሮ ነበር። ማን ምን እንዳለ ዝርዝሩን አልተነገረኝም፤ አንድ የፌስቡክ ጽሑፍ እንደነበረ ብቻ አውቃለሁ። የብዙዎቻችሁ ቤት ተመሳሳይ ታሪክ ስላለው ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም። ሽማግሌ ተልኮም አልሆነም። ከዚያ በ2022 የጋሼ እናት አገር ቤት አረፉ። አባቴ ለቅሶ አልደረሰም። ከእኛ ቤት እሳቸው እስከሚኖሩበት ኋይትሆል ሩቅ አይደለም፤ እናቴ እንጀራና ወጥ ይዛ ብቻዋን ሄደች። እኛ ጋ ለቅሶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በዓመቱ አባቴ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሲሆን ጋሼም ሳይጠይቁት ቀሩ።

በ2024 ውድድሩ አትላንታ ነበር። አባቴ በዚያ ጉልበት ረጅም መንገድ መንዳት ስለማይችል ሹፌሯ እኔ ሆንኩ። ሲንሲናቲን አልፈን፣ 75ን ይዘን፣ ኬንታኪንና ቴነሲን አቋርጠን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ነዳሁ። እውነቱን ለመናገር የእኔ ሐሳብ የዓርቡ ምሽት ላይ ነበር። ቅዳሜ እንቅልፌን ሳልጠግብ "ነይ እንጂ፣ ሊጀመር ነው" ሲለኝ እያጉረመረምኩ ተከተልኩት።

እንደምታውቁት ከሜዳው ዙሪያ ያለው ነገር ራሱ ከተማ ነው። የሚቆላ ቡና፣ የጥብስ ጭስ፣ ባንዲራ ያለበት ቲሸርት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ተገናኝቶ የሚላቀስ ሰው። አብዛኛው ሰው ለሜዳው ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የቆመው። እኛ ወጥተን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ለፍጻሜ የደረሱት ሁለቱም ቡድኖች የእኛ አልነበሩም፤ እኔ ጥላ ነበር የምፈልገው።

ጨዋታው እንደተጀመረ የመስመር ዳኛው ባንዲራ አነሳ። አባቴ ብድግ ብሎ "ኦፍሳይድ አይደለም!" አለ። ከኋላችን፣ ሁለት ረድፍ ከፍ ብሎ፣ ድምፅ መጣ፦ "ነው እንጂ! አንተ ድሮም መስመር ጠብቀህ አታውቅም!"

ድምፁን አወቅሁት። አባቴም አውቆታል፤ ግን ዞር አላለም። ሜዳውን እያየ "በረኛው ቢጮህልኝ ኖሮ እጠብቅ ነበር" አለ።

እስከ እረፍት ድረስ እንዲሁ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ፣ ስለ ግራ ተከላካዩ ተከራከሩ። በእረፍት ሰዓት ጋሼ ሁለት ውሃ ይዘው ወረዱ። አንዱን ለእኔ ሰጡኝ፣ አንዱን አባቴ አጠገብ አስቀመጡና የአንድ ሰው ቦታ ትተው ተቀመጡ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አባቴ ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል "የእናትህን ለቅሶ አልደረስኩም። ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። ጋሼ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ያሉት "እይ፣ ማዕዘን ምት ነው" ብቻ ነበር። ግን ቦታቸውን ለቀው አልሄዱም።

ሽማግሌ ያልቻለውን ያ አግዳሚ እንዴት እንደቻለው ብዙ አስቤበታለሁ። ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ ማን እንደበደለ መናገር አለብህ። ሜዳ ላይ ግን ሁለት የተጣሉ ሰዎች አንድ ነገር እያዩ፣ ስለ ሌላ ነገር እየተከራከሩ ጎን ለጎን መቀመጥ ይችላሉ። ኮሎምበስ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ስንት ቀርቶናል? ቤተ ክርስቲያኑም፣ ሬስቶራንቱም፣ ግሩፑም "የእነማን ነው?" የሚባልበት ጊዜ ላይ ደርሰናል።

ውድድሩ ከፖለቲካ የጸዳ ነው እያልኩ አይደለም። በ2012 ራሱ ለሁለት ተከፍሎ በአንድ ሳምንት አንዱ ዳላስ፣ ሌላው ዲሲ ተደርጓል። የኦሮሞ ማኅበረሰብ የራሱ ዓመታዊ ውድድር አለው። ሜዳው ላይ በሚውለበለበው ባንዲራ ውስጥ ራሱን የማያይ፣ ስለዚህም የማይመጣ ሰው እንዳለም አውቃለሁ፤ ቅሬታውን "ዝም ብለህ ና" ብዬ አላጣጥለውም። ግን ደግሞ ይህን ነገር በ1984 የጀመሩት በደርግ ዘመን ከአገር የወጡ፣ እርስ በርሳቸውም በፖለቲካ የማይስማሙ ሰዎች ነበሩ። የሚጫወቱት ልጆች ደመወዝ የላቸውም፤ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው ነው የሚመጡት። በ2020 ውድድሩ በኮቪድ ምክንያት ተሰረዘ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ጦርነቱ ተጀመረ። ፊት ለፊት መተያየት በጣም በሚያስፈልገን ጊዜ የነበረን ስልካችን ብቻ ነበር።

ክሊኒካል ላይ ከሆስፒታል የሚወጣን በሽተኛ "ቤት የሚረዳዎት ሰው አለ?" ብለን እንድንጠይቅ ተምረናል። መጀመሪያ ፎርም መሙላት ይመስለኝ ነበር። አሁን ጥያቄውን በጠየቅሁ ቁጥር የሚታየኝ አባቴ ጉልበቱ ታስሮ ሶፋው ላይ የተኛበት ሳምንት ነው። ፌስቡክ ላይ "ልክ ነህ" ያሉት ሰዎች አንዳቸውም ሾርባ ይዘው አልመጡም። ወላጆቻችን እያረጁ ነው፤ የሚጠይቃቸው ሰው ቁጥር እንዲቀንስ ዝም ብለን ማየት የለብንም።

"ኳስ አይገባኝም" የምትሉ አላችሁ። የኮሎምበስ ልጆች አይደለን? በ2017 የክሩ ባለቤት ቡድኑን ወደ ኦስቲን ሊወስደው ሲል ከተማው ወጥቶ ጮኾ አስቀረው፤ ቡድኑም በ2020 እና በ2023 ዋንጫ አነሳ። ከጮኹት ስንቶቹ ኦፍሳይድን በትክክል ያስረዳሉ? ቡድኑን ያቆየው የሕዝቡ መገኘት ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ጁላይ ቫን ስንከራይ መመለሻችንን ከቅዳሜው ፍጻሜ በኋላ እናድርገው። የኮንሰርት ትኬት ስንገዛ የሜዳውንም እንግዛ። ነርሲንግ የምንማር ደግሞ በፈቃደኝነት እንመዝገብ፤ በዚያ ሙቀት ውሃ የሚያድልና እግሩ የተኮማተረበትን ተጫዋች የሚያይ ሰው ሁሌም ያስፈልጋል። የሚቻላችሁ ደግሞ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ።

አባቴና ጋሼ እንደ ድሮው ሆነዋል ብዬ አልዋሻችሁም። ስለ ጦርነቱ እስካሁን አልተነጋገሩም፤ ጋሼም ቤታችን የመጡት አንድ ጊዜ፣ ለፋሲካ ብቻ ነው። ግን ቡና ሲሸነፍ የአባቴ ስልክ ይጮኻል። አባቴ መልእክቱን ያነብና "ይኼ ሰውዬ!" ይላል። ከዚያ መነጽሩን ፈልጎ መልስ ለመጻፍ ይቀመጣል።