የተከታይ ቆጠራ

ወላይታ ሶዶ ላይ ልብስ የሚሸጠውም፣ ቤት የሚያከራየውም፣ ዜና የሚያሰራጨውም፣ ሌላው ቀርቶ የወረዳ ጽሕፈት ቤቱም የሥራውን ውጤት በተከታይ ብዛት መናገር ከጀመረ ሰነባብቷል። «20 ሺህ ገባን፣ እናመሰግናለን» የሚል ፖስተር ይለጠፋል፤ 20 ሺህ መግባቱ ምን እንዳስገኘ ግን ጠያቂ የለም። ቁጥሩ የሚገኝበትን ዘዴ ሁሉም ያውቀዋል። ላይክና ሼር አድርጎ አምስት ጓደኛ ታግ ላደረገ ስልክ በዕጣ ይሰጣል፤ ቴሌግራም ላይ 50 ሰው አድ ላደረገ የሞባይል ካርድ ቃል ይገባለታል። ሰውም ይጎርፋል፤ የሚጎርፈው ግን ለዕጣው ነው። ሶዶን ረግጦ የማያውቅ ሰው የሶዶ ጫማ ቤት ተከታይ ይሆናል፤ ዕጣው ሲወጣ ወይ ይወጣል ወይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዝም ብሎ የሚቀመጠው ከሚወጣው ይብሳል፤ ባለሱቁ ደንበኛ ያለው እየመሰለው እንዲኖር ያደርገዋልና።

ቴሌግራም በዚህ ረገድ ገመና አይሸፍንም። ከእያንዳንዱ የቻናል መልእክት ግርጌ ትንሽ የዓይን ምልክት አለች፤ ስንት ሰው እንዳየው ትናገራለች። ከላይ 30 ሺህ አባል ተጽፎ ከታች የዓይኗ ቁጥር አንድ ሺህ እንኳ ካልሞላ፣ ባለቻናሉ ያለው ያ አንድ ሺህ ያልሞላው ሰው ነው፤ የተቀረው ጌጥ ነው። ፌስቡክ ይህን ልዩነት ለጎብኚ በግልጽ አያሳይም፤ ቅጣቱ ግን አይቀርም። ጽሑፉ ለተከታይ ሁሉ አይደርስም፤ ማን ያነበዋል፣ ማን አስተያየት ይሰጥበታል ተብሎ እየተገመተ ነው የሚቀርበው። ጉዳዩ የማይመለከተው ሕዝብ የሰበሰበ ገጽ እንግዲህ በገዛ እጁ ዝምታን አከማችቷል ማለት ነው። ቲክቶክማ እ.ኤ.አ. በ2020 ቪዲዮ ለሰው የሚያቀርብበትን መንገድ ሲያብራራ የተከታይ ብዛት ቀጥተኛ መመዘኛው እንዳልሆነ ራሱ ተናግሯል።

ገበያው ከዚህም ይከፋል። ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ዴቩሚ ስለተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ባወጣው ምርመራ፣ ኩባንያው ቢያንስ 3.5 ሚሊዮን የሐሰት አካውንት ይዞ እነዚያኑ ደጋግሞ እየሸጠ ከ200 ሚሊዮን በላይ የትዊተር ተከታይ ማከፋፈሉን አሳየ። ከገዢዎቹ መካከል ስመ ጥር ሰዎች ነበሩ። ይህ ዕቃ ዛሬ በስልክ ከየትም ቦታ ይገዛል። የሚሸጥ ነገር ሁሉ መመዘኛ መሆን አይችልም አልልም፤ ማንም በማንኛውም ሰዓት በርካሽ የሚገዛውን ግን የታማኝነት ማስረጃ አድርጎ የሚቀበል ማስታወቂያ አስነጋሪ ገንዘቡ የበዛበት ብቻ ነው።

«መንግሥትስ ራሱ ተከታይ ይቆጥር የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥፋቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሲፈጸም ቅጣቱን እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያደርሰዋል። የሕጉ አሳብ ይገባኛል፤ ብዙ ሰው ዘንድ የሚደርስ ውሸት ብዙ ይጎዳል። መለኪያው ግን በሁለቱም በኩል ይስታል። 6,000 ተከታይ የገዛ ሰው ማንም ሳይሰማው ከመስመሩ በላይ ይውላል፤ 400 የአንድ ቀበሌ ሰዎች ያሉበት ግሩፕ ደግሞ፣ አባላቱ በስም የሚተዋወቁና የሚተማመኑ ሆነው ሳለ፣ ከመስመሩ በታች ነው። የወሬን ጉልበት ያየ ሰው የቱ እንደሚያስፈራ አይጠፋውም። በጎው ጉልበትም እዚያው ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት እዚሁ ወላይታ፣ በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ የመሬት መንሸራተት ሰው ገድሏል። ለእንዲህ ያለ ክረምት የማስጠንቀቂያ ገጽ የሚከፍት ባለሥልጣን የሚያስፈልገው ተዳፋቱ ላይ የሚኖሩ፣ መልእክቱን ሲያዩ ሌሊትም ቢሆን ጎረቤት የሚቀሰቅሱ ጥቂት መቶ አባወራዎች ናቸው። አዲስ አበባ ሆኖ «ነፍስ ይማር» የሚል መቶ ሺህ ተከታይ እዚያ ቤት ማንንም አያስወጣም።

የብዛት ፍቅር ቋንቋንም ይበላል። በወላይትኛ ስለ እንሰት በሽታ ወይም ስለ ቦዲቲ ገበያ ዋጋ የሚጽፍ ሰው የአንባቢው ጣሪያ የታወቀ ነው፤ ቁጥር ካማለለው ነገ ወደ አማርኛ፣ ከነገ ወዲያ ወደ አርቲስቶች ሐሜት ይሄዳል። ይህ አካባቢ ብዙኃንን በአንድ ጊዜ መድረስ ምን እንደሚያስከፍል ከማኅበራዊ ሚዲያ በፊት ያውቀዋል። ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውርኛን ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል የመማሪያ መጽሐፍ ሲዘጋጅ በወረቀት ላይ ስሌቱ ያማረ ነበር፤ አንድ መጽሐፍ ለአራት ሕዝብ። በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጽሐፉም ቀረ። የፌስቡክ ገጽና የዚያን ጊዜው ሐዘን በክብደት እንደማይወዳደሩ አውቃለሁ፤ ስሕተቱ ግን ዘመድ ነው። ለሁሉም ይሆናል የተባለውን ማንም የኔ ሳይለው ቀረ።

ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፦ ከማዕከል የራቀ ሕዝብ ድምፁ የሚሰማው በብዛት ነው፣ ጥቂት ይበቃል ማለት ለሰነፍ መሸሸጊያ ነው የሚለው። ግማሹን እቀበላለሁ። ለአቤቱታ፣ ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ብዙ ሰው ያስፈልጋል፤ አንባቢ ያጣ ጸሐፊም «ጥራት» እያለ ራሱን ሊያታልል ይችላል። ነገር ግን ለእርዳታ ጥሪ ብር የሚያወጣው ለዕጣ የመጣው ሰው አይደለም፤ ብዛቱም ቢሆን የሚጠቅመው ከሚያምኑ ጥቂቶች እየተቀባበለ ሲሰፋ ነው። ስለዚህ ሶዶ ውስጥ ለማስታወቂያ ገንዘብ የሚከፍል ነጋዴም፣ የኮሙኒኬሽን ሪፖርት የሚቀበል ኃላፊም የተከታይ ቁጥር ሲቀርብለት ወረቀቱን መልሶ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ተከታዮቹ የት ይኖራሉ? የትናንቱን ጽሑፍ ስንቱ አየው? ጠይቆ መልስ ያገኘስ ስንት ነው? የመጨረሻውን ለመመለስ ገጹን የያዘው ልጅ የውስጥ መስመሩን ከፍቶ ሳይነበብ የተከማቸውን «ዋጋው ስንት ነው?» መቁጠር ይኖርበታል።